የጥድ ዓሣና የተዘጋ መስኮት

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ ሳል። ማታ ማታ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ ይተወኛል። ስለዚህ ናቅሁት።

መርሳ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሰው ከሥራ መልስ ኳስ ያያል፤ እኔ ከእንጨት ዓሣ እሠራለሁ። ከአናጢ ቤት የተረፈ የጥድ ቁርጥራጭ አመጣና የጣት ቁመት ያለው ዓሣ እቀርጻለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ጥፍር ቀለም ቀብቼ፣ ሆዱ ሥር መንጠቆ አንጠለጥልለታለሁ። ሲመቸኝ በውርጌሳ አድርጌ ሐይቅ እሄዳለሁ። ውኃው ውስጥ ስጎትተው አምባዛው የእውነት ዓሣ መስሎት ይጎርሰዋል። ባለቤቴ ሐያት «ካንተ የባሰ ሞኝ እሱን አየሁ» ትላለች።

ክረምት ሲገባ ሳሉ ባሰ። ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ሄጄ አክታዬ ተመረመረ፤ ቲቢ የለም ተባለ። አሞክሳሲሊን ዋጥሁ፣ ለውጥ የለም። የሕመም ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ።

እናቴ መታመሜን ሰምታ ከገጠር መጣች። ምርመራዋን ደጃፉ ላይ ጨረሰች።

«ብርድ ነው የመታህ፣ ልጄ። ምን ያለ ነፋስ ነው እዚህ ቤት የሚገባው!»

መስኮቱን ዘጋች። ክፍተቱን በአሮጌ ጨርቅ ወተፈችው፤ የበሩን ሥር በጆንያ ደፈነች። ሐያት አልተቃወመችም፣ እኔም አልተቃወምኩም። ነፋስ እንደሚገድል የሚጠራጠር ሰው በእኛ አገር ማን አለ? መኪና ውስጥ በላብ እየተጠመቅን መስኮት ዝጉ የምንባባል ሰዎች ነን።

ቤት መዋል ሲሰለቸኝ ቢላዬንና ጥዴን አልጋዬ አጠገብ አስመጣሁ። ጋዜጣ አንጥፌ ስቀርጽ፣ ስፈገፍግ እውላለሁ። እማም ዝም ብዬ መቀመጤን ወደደችው። የእንጨቱ ዱቄት ግን መውጫ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። እማ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ ፌጦ በሎሚ ታጠጣኛለች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ታጎርሰኛለች። ሽንት ቤት ለመድረስ ደጅ ስወጣ ደረቴ ቀለል ይለኛል፤ ስመለስ ያፍነኛል። ልብ አላልኩትም።

«እማ፣ ትንሽ ክፈችልኝ፤ ታፈንኩ» አልኳት አንድ ቀን።

«ወላሂ አልከፍትም! ልትሞትብኝ ነው?» አለች። ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር።

ብቻዬን ስሆን ግድግዳውን እያየሁ ተናደድኩ። በእሷም፣ በገዛ ደረቴም። የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው የዘጉብኝ፤ በማን ልጩህ?

አንድ ጁምዓ፣ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ፣ ትንፋሼ ተያዘ። አየር ይገባል። አይወጣም። ሐያትን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ። ልጆቼ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ፈራሁ። ሞት ይህ ነው ብዬ አመንኩ።

ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው ወደ ወልድያ አከነፉኝ። ሲሪንቃን ማለፋችንን አላስታውስም። ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉልኝ። ሳልቡታሞል የሚባል መድኃኒት በጭስ መልክ አሳቡኝ፣ ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር ሰጡኝ። ቀስ እያለ ደረቴ ተከፈተ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። የተጠቀለልኩበትን ጋቢ ስትገልጥ ጣቷ ላይ የቀረውን ዱቄት አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓሣ» አልኳት።

ኦክስጅን ያነሰኝ ሳይመስላት አልቀረም። ሐያት ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት፤ እንጨቱን፣ መስኮቱን፣ ጆንያውን።

«አስም ነው» አለች ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ። «የእንጨቱ ብናኝ ነው የቀሰቀሰብዎት። ነፋሱ ምንም አላደረገዎትም፤ እንዲያውም ያጡት እሱን ነው።»

እናቴ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። «ታዲያ ያፈንኩት እኔ ነኛ፣ የኔ ልጅ?» አለቻት።

«እርስዎ አስታመሙት እንጂ፣ እናቴ። ከእንግዲህ ግን መስኮቱ ይከፈት።»

ከሆስፒታል ስወጣ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀን፣ ጠዋትና ማታ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ታዘዘልኝ፤ መጀመሪያ እስከ ጎረቤት ደጅ፣ ቀጥሎ እስከ ገበያ፣ በኋላም ሳላርፍ እስከ ቢሮ መራመድ ቻልኩ። አንዴ ዳንኩ ብዬ የሚሳበውን ብተወው ፉጨቱ ተመለሰብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላቋረጥኩም። ቢላዬን ለአናጢው ሰጠሁት። አሁን ሐይቅ የምሄደው ትል ይዤ ነው፣ ዓሣም አይጠፋም፤ ግን የጥዱ ሽታ ይናፍቀኛል፣ እጄም ሥራ ፈትቶ ያሳዝነኛል።

ደረታችሁ እንደኔ የሚያፏጭባችሁ ሁሉ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ቢሮ የምትሠሩትን ብቻ አትናገሩ፤ ቤት ውስጥ ለጨዋታ የምትነካኩትንም ንገሩት። የት ስትሆኑ እንደሚብስባችሁ፣ የት ስትሆኑ እንደሚለቃችሁ ልብ በሉ። አስታማሚዎችም፣ በሽተኛው ታፈንኩ ሲል እመኑት። ላስታመሙኝ ሐኪሞች፣ ለሐያት፣ ከሁሉም በላይ ለእናቴ ምስጋናዬ የማያልቅ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እተነፍሳለሁ።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችን ደረቷን ታማ ልንጠይቃት ሄድን። ቤቱ በሰው ታጭቋል፣ በሩም መስኮቱም ጥርቅም ብሏል። «አላህ ያሽርሽ» ብለን ተቀመጥን። እናቴ ግን አልተቀመጠችም። ማንንም ሳትጠይቅ በሰው መሐል አልፋ መስኮቱን በረገደችው። ሰዉ ጉድ አለ፤ አንዷማ ልትዘጋው ተነሣች።

«ተዪው!» አለች እናቴ በሁለት እጇ እንደያዘችው። «እኔ ልጄን በዚሁ ልቀብረው ነበር።»