ሦስት ጣሳ ክሎሪን

ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቼ ከተማርኩት ሁሉ ሰቆጣ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የዋና ገንዳ ማጽዳት ነው። የአሠሪዎቼ ግቢ ውስጥ ገንዳ ነበር። በየሳምንቱ የሚመጣው የገንዳ ሠራተኛ አንድ ቀን ታሞ ሲቀር እመቤቲቱ ብሩሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ሰውየው ድኖ ሲመለስ እንጀራዬን ቀማሽኝ ብሎ አልተቆጣም፤ ይልቅስ አስተማረኝ። ዱቄቱን ውሃ ላይ እንጂ ውሃውን ዱቄት ላይ እንዳላፈስ፣ ሁለት ዓይነት ክሎሪን በአንድ ባልዲ እንዳልቀላቅል፣ ፀሐይ ስለምትበላው ወደ ማታ እንድጨምር። ሌላውን የአረብ አገር ትዝታዬን ብረሳው ደስ ይለኛል፤ ይሄን ግን አልረሳሁም።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ሥራ አጣሁ። ወደ ጅዳ የላከኝ ደላላ በየሳምንቱ እየደወለ፣ አሁን መንገዱ ቀንቷል፣ ቶሎ ወስኚ ይለኛል። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች። ሂጂም፣ አትሂጂም አላለችኝም።

በዚህ መሀል በከተማችን ጨርቅና ሳሙና የሚነግዱ አንድ ሐጂ አስጠሩኝ። ከከተማው ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሠርተው፣ ሰው ሁሉ አበዱ እንዴ እስኪል ድረስ፣ መሀሉ ላይ አነስ ያለች የዋና ገንዳ አሠርተው ነበር። ውሃው በቦቴ መጥቶ በተሞላ በሁለት ሳምንቱ ጎመን መሰለ። ሐጂ ነገር አያንዛዙም። እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ውሃውን ካጠራሁት ሥራው የእኔ ይሆናል፤ ካልሆነ ገንዳውን አፈር ሞልተው የመኪና ማቆሚያ ያደርጉታል። እኔም ለእናቴ ቁርጡን ነገርኳት፦ ይሄ ከተበላሸ እሄዳለሁ አልኳት። ገብሱን ማበጠሯን ቀጠለች።

መጀመሪያ የተጣላነው ከሐጂ ጋር ነው። ከሱቃቸው ሁለት ካርቶን በረኪና አስጭነው መጡ። የልብስ ነው፣ አቅም የለውም፣ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፣ ይሄን ሁሉ ውሃ በዚህ ላጥራ ካልኩ ሱቅዎ ባዶ ይቀራል አልኳቸው። ሱቄን ሰደበች ብለው ትንሽ አኮረፉ። ቀጥሎ አንድ ዘመዳቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸውን፣ ድፍን ሳሙና የሚያካክሉ ነጭ ክኒኖች አሳዩኝ። እነሱ ቀስ ብለው ነው የሚሟሙት፤ የጠራ ውሃ እንደጠራ እንዲቆይ ያደርጋሉ እንጂ ጎመን የሆነውን አይመልሱም። አስቀምጧቸው፣ ቀናቸው ይደርሳል አልኩና ዱቄቱን ጠየቅሁ። ዱቄቱ ከነመመርመሪያ ዕቃው ከደሴ በአውቶቡስ መጣ።

ቅጠሉን ለቅሜ፣ ግድግዳውን ፈትጌ፣ ፓምፑን አስነሳሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እናቴ ቆሎ ይዛልኝ ስትመጣ እኔ ገና ከወዲያ ማዶ ያለውን ጥግ እየፈተግሁ ነበር። እንዳይመሽብኝ ብዬ ጓንት አጥልቄላት፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ አስሬላት፣ ውሃ ወዳለበት ባልዲ ሦስት ጣሳ ዱቄት እንድትጨምርልኝ ነገርኳት። ጣሳዋ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ናት። ከዚያ የበጠበጥኩትን በገንዳው ዙሪያ እየዞርኩ ረጨሁት። ዓይኔን ትንሽ ለበለበኝ፤ ከሥራው ስለራቅሁ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴን አስከትዬ ሄድኩ። ሐጂ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የዋና ልብስ አልብሰው አምጥተዋል። ውሃው አረንጓዴነቱ ለቆት ነጣ ብሏል። በትንሿ ብልቃጥ ቀዳሁና የመመርመሪያዋን ክኒን ጣልኩባት። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። የእኔ ግን ብልጭ ብሎ ጠፋና እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ክሎሪኑ አልቋል ማለት ነው አልኩ። የገበያ ቀኑ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ጣሳዋን ይዤ ወደ ዱቄቱ ስሄድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሌላ አትጨምሪ። ትናንት ቆልዬ ነው የሰፈርኩት፤ ምራቂም አድርጌበታለሁ።»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ እህል ሸጣለች። በእኛ ገበያ ጣሳ ሞላ የሚባለው ተቆልሎ መፍሰስ ሲጀምር ነው። ለደንበኛ ደግሞ በላዩ ላይ እፍኝ ምራቂ ይጨመርለታል። አጉድላ የምትሰፍር ሴት ስሟ ይጠፋል። እኔ ልክ ልኩን ስፈሪ አላልኳትም፤ እሷም እንደለመደችው ሰፈረች። ያን ጊዜ የጅዳው የገንዳ ሠራተኛ ያስተማረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ክሎሪን ከመጠን ሲያልፍ የክኒኗን ቀለም ራሱ ይበላዋል፤ ያልሠለጠነ ሰው ክሎሪን የለም ብሎ ይጨምርበታል። የገንዳውን ውሃ በብዙ የታሸገ ውሃ አቅጥኜ ብመረምረው ደማቅ ሮዝ ሆነ። ሁለቱ ልጆች ገንዳው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ሮጬ አነሳኋቸው።

ከዚያ እናቴ ላይ ጮህኩባት። ሰው ልታስጨርሺ ነበር አልኳት፤ በሰው ፊት። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። እሷ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር ለራሷ አጉረመረመችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ለሐጂ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ስል ሳቅ አፈናቸው።

«ምራቂ የሚጠላ ደንበኛ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

ማርም ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ መድኃኒቱ መተው ብቻ ነበር። ገንዳውን ሳልሸፍን፣ ምንም ሳልጨምር ለሰቆጣ ፀሐይ ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት እመረምራለሁ። በሁለተኛው ቀን ውሃው ሳላቀጥነው ደማቅ ሮዝ ሆነ፤ በሦስተኛው፣ በገበያው ቀን፣ ፈዘዝ ብሎ ልክ ገባ። የገንዳው ወለል ላይ የተነጠፈው ሰማያዊ ሴራሚክ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ሐጂ ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው ነከሩ። ሲወጡ የግቢውን ቁልፍ ሰጡኝ። እፎይ አልኩ፤ ከጅዳ ስመለስ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ እንኳ እንዲያ አላልኩም።

እናቴ እነዚያን ቀናት ስታኮርፈኝ ሰንብታለች። ቤት ስገባ ከገበያ ተመልሳ ጆንያዋን ታራግፋለች። ሥራው የእኔ ሆነ፣ አልሄድም አልኳት። ጆንያውን እንደያዘች ቁጭ አለች። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶሽ እየመሰለኝ ነው ያነሳሁት» አለች። «ሦስት ጣሳ ስትዪኝ፣ ልጄ በሦስት ጣሳ ትቀርልኛለች ብዬ ማመን አቃተኝ፤ ጨመርኩበት።»

አጠገቧ ተቀምጬ፣ እየሰማችኝ፣ ለደላላው ደውዬ ቀርቻለሁ አልኩት።