የጌታው ቦይና የኔ አቤቱታ

ሀብታም ድሃን መርዳት አለበት፣ የለበትም እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ ስሰማ ተነስቼ እሄዳለሁ። ትዕግሥቱ የለኝም። ይርዳ የሚሉትም፣ ገንዘቡ የራሱ ነው የሚሉትም፣ አንዳቸውም ስለ ቦይ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ቦይ ነው።

ጣሊያን ሳይገባ በፊት ሥራዬ አቤቱታ መጻፍ ነበር። ከጊዮርጊስ በታች፣ የአራዳ ገበያ ዳር፣ አንድ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ቀለሜን በቀንድ፣ ወረቀቴን በጉልበቴ ይዤ እውላለሁ። የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምሬ የተውኩ ሰው ነኝ፤ ዜማው እምቢ ቢለኝም ጽሕፈቱ እጄ ላይ ቀረ። መሬቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የዘገየበት፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። ለትልቅ ሰው የሚጻፍ ነገር ደግሞ ወግ አለው። መጀመሪያ ምስጋና ነው። የጌታው ደግነት፣ የዘራቸው ታላቅነት፣ ጾም ጸሎታቸው፣ ለድሃ መጠጊያ መሆናቸው አንድ በአንድ ይወጣና ጉዳዩ መጨረሻ ላይ፣ ከገጹ ግርጌ ይመጣል። ጉዳዩን ከላይ ያስቀደመ ባለጌ ይባላል። እኔ በዚህ ምስጋና ስም ያወጣሁ ነበርኩ፤ ምን እደብቃለሁ፣ እኮራበትም ነበር።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴትዮ መጡ። ፈታይ ናቸው። ጥጥ ፈትለው ልቃቂቱን ገበያ እያወጡ ለሸማኔ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም የላቸውም። እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ባላቸው በእጃቸው የሠሯት አንዲት የጭቃ ቤት አለቻቸው። ከዚያች ቤት በላይ የአንድ ትልቅ ሰው ግቢ አለ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጌታው ልበላቸው። ጌታው በዚያው በጋ የአዳራሻቸውን ሣር አስነቅለው ቆርቆሮ አልብሰውታል። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እስኪበቃው አይቶታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን አያስከፍትም። ሣሩ ዝናቡን እየመጠጠ ቀስ አድርጎ ነበር የሚያወርደው። ቆርቆሮው ግን ጠብታ አያስቀርም። ሁሉንም በአሸንዳ ሰብስቦ ግቢው ጥግ ወዳለ ቦይ ይለቀዋል፤ ቦዩም በአጥሩ ሥር አልፎ የሚያርፈው ሴትዮዋ ግድግዳ ላይ ነው።

«ይኼ የበልጉ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። «በበልጉ ብቻ ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ርሷል። ሐምሌ ሲመጣ ቤት የለኝም። ቦዩን ወደ መንገዱ ትንሽ ቢያዞሩልኝ ሌላ አልፈልግም። ምንም እንዳይሰጡኝ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ለምኜ አላውቅም።»

ሄጄ አየሁት። ዶማ የያዙ ሁለት ሰዎች ለግማሽ ቀን ቢሠሩበት የሚያልቅ ነገር ነው።

ታዲያ እንዴት አድርጌ ጻፍኩት መሰላችሁ። የድሆች አባት፣ የተራበ የሚጎርስብዎ፣ የታረዘ የሚለብስብዎ ብዬ ጀምሬ ገጹን ሞላሁት። ቦዩ ግርጌ ላይ በሁለት መስመር ኩርምት አለ። ምንም አልፈልግም ያሉትንማ ጭራሽ ተውኩት፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ከእርስዎ ምንም አልፈልግም ብሎ መጻፍ ስድብ መስሎ ታየኝ። ሳነብላቸው ሴትዮዋ አፋቸውን ይዘው ሰሙኝ። «አቤት፣ እንዴት ያምራል» አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

ደጅ ጥናቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በየማለዳው ከአጥሩ በር ይቆማሉ፤ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ ለጥ ብለው እጅ ይነሳሉ፣ ሲመለሱም እንደዚያው። ፈትሉ ቆመ። በመጨረሻ በር የሚጠብቀው አጋፋሪ ግቡ ሲል እኔም ተከትዬ ገባሁ። ሴትዮዋን ለማገዝ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ጽሑፌ ሲነበብ መስማት ፈልጌ ነው።

ጌታው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊያቸው ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። የድሆች አባት ሲል ጌታው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። የታረዘ የሚለብስብዎ ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ገጹ አጋማሽ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይበቃል፣ ገብቶኛል። ለዚች ምስኪን ሁለት ቁና ጤፍና አንድ ኩታ ስጧት።»

ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ዕድሜ ይስጥልን አለ። ሴትዮዋ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ አጋፋሪው ክንዳቸውን ይዞ መሬት ሳሚ አላቸው። ሳሙ። ኩታው ትከሻቸው ላይ ተደረገ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ጌታዬ፣ ግርጌው አልተነበበም ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው፣ ሦስት ቃል። አላልኩም። ሰው ቸርነት ሲያደርግ መሃል ገብቶ ሌላ ነገር ማንሳት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ ያ ነውር አፌን ያዘው።

ከበሩ ስንወጣ ሴትዮዋ ኩታውን ጫፉን ይዘው በጣታቸው አሹት። «ድሩ ቀጭን አይደለም» አሉ። «እኔ ከዚህ የተሻለ እፈትላለሁ።» ቁልቁለቱን ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወደ አጋፋሪው ተመለስኩ። የሴትዮዋ ጉዳይ ስለ ቦዩ ነው አልኩት።

«ሰጥተናት የለም እንዴ?» አለኝ።

«እንዲሰጧቸው አልጠየቁም። ቦዩን እንዲያዞሩላቸው ነው።»

«ጤፍ ተቀብላ፣ ኩታ ለብሳ፣ ደግሞ ቦይ? ጠግባለች ማለት ነው።»

«እኔ የምልህ፣ የመጡት ለልመና አልነበረም።»

ሳቀብኝ። «የታረዘ የሚለብስብዎ ብሎ የጻፈው ማነው? አንተ አይደለህ?»

ራሴ ዶማ ይዤ ላዙረው ብዬ አሰብኩ፤ ቦዩ የሚታጠፍበት ቦታ ግን ከጌታው አጥር ውስጥ ነው። ሴትዮዋን እንደገና ደጅ ይጥኑ፣ አሁን በአፍዎ ይንገሯቸው ብዬ ለመንኳቸው። «ኩታቸውን ለብሼ እንደገና ልቁም?» አሉኝ። «መንደሩ ዓይኗ የማይጠግብ ሴት ይለኛል።» እውነታቸውን ነው፤ ጎረቤቱ ከወዲሁ ስለ ጤፉ ማውራት ጀምሮ ነበር። እኔ ግን ተቆጣኋቸው። ቤትዎ ሲወድቅ መንደሩ ያስጠጋዎታል ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የራሴን ጥፋት እሳቸው ላይ ነበር የማራግፈው።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሴትዮዋ ገበያ ሳሉ ቤታቸው ወደቀ። የላይኛው ግድግዳ ሄዶ ክዳኑ ተከተለው። ሰው ነግሮኝ ሮጬ ስደርስ ጭቃው ውስጥ ቆመው እንዝርታቸውን ይፈልጋሉ። አብሬያቸው ፈለግኩ። አላለቀሱም፣ እኔንም አልወቀሱኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ጌታው ሲሰሙ አዘኑ። ከልባቸው ነው ያዘኑት፣ ይህን ልክድ አልችልም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ያቺ ምስኪን ሜዳ ላይ አትደር አሉና ከማድ ቤቱ አጠገብ አንድ ጥግ ሰጧቸው። በገዛ ቤታቸው እመቤት የነበሩ ሴት እህል እየለቀሙ፣ እየፈጩ፣ በሰው ግቢ አዳሪ ሆኑ። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ጌታ ከየት ይገኛል ይል ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ለምሳሌነት ተወራ። ሰውየው ከእጃቸው የሚወጣውን እያንዳንዱን እፍኝ ያያሉ፤ ከጣራቸው የሚወርደውን ግን አንድ ቀን ቀና ብለው አላዩትም። መስጠቱን ትተው የሴትዮዋን ቤት ባያፈርሱባቸው ኖሮ፣ ሴትዮዋ ማንንም ባላስቸገሩ። ይህን ለማን ትናገረዋለህ? ለተናገርኩት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ምቀኛ ነህ።

ነሐሴ ሊጋመስ ሲል አንዲት ጠላ ሻጭ እኔ ዘንድ መጣች። ቤቷ ከሴትዮዋ ፍርስራሽ በታች ነው። ግድግዳው ስለሌለ ውሃው አሁን ያለ ከልካይ እሷ ላይ ይወርዳል። ልጆቿን ይዛ የት እንደምትገባ አታውቅም።

አንድም የምስጋና ቃል ሳልጨምር ጻፍኩላት። ጌታዬ፣ የግቢዎ ቦይ ቤቴን ሊያፈርሰው ነው፤ እባክዎ ወደ መንገዱ ያዙሩልኝ። አነበብኩላት። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። እሷ ወረቀቱን አልተቀበለችኝም።

«ይኼው ነው?» አለች። «ለላይኛዋ እናት እንዲህ ነው የጻፍክላቸው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እኔን ምን አይተህ ነው የምታሳጥርብኝ? እሳቸው ጤፍ አገኙ፣ ኩታ አገኙ፣ ይኸው ግቢ ገብተው በቆርቆሮ ሥር ያድራሉ። የማን እጅ ነው ብዬ ስጠይቅ ያንተ ነው አሉኝ።»

ያ ጽሑፍ ነው እኮ ቤታቸውን ያስፈረሰው አልኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት፤ ምስጋናውን፣ ግርጌውን፣ ጌታው እጃቸውን ማንሳታቸውን። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ቤቱማ በዝናብ ነው የወደቀ» አለችኝ። «ከዝናብ ጋር ማን ይሟገታል? ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ። ለእሳቸው እንዳደረግከው አድርገህ ጻፍልኝ።»

ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ብዕሬን ነከርኩ፤ ቦዩን ከላይ ላስቀድመው ብል አጋፋሪው ከበሩ እንደሚመልሳት አውቃለሁ። እሷ እጄን እያየች ትጠብቃለች። ጻፍኩላት፣ ገጹን እስከ ግርጌው ሞላሁት። እየሳመችው በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ከእሷ ቤት በታች፣ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ገና ሦስት ቤቶች ነበሩ።