መሸጋገሪያ የሌለው ኩርባ

አባቴ አያማቸውም። ካንሰሩ አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቷል፣ ግን አያማቸውም! ዶክተሯ «ከአስር ስንት ያምዎታል?» ትላለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ፤ እሳቸው ከረባታቸውን አስተካክለው «ተመስገን በያት» ይላሉ። ታዲያ ለተመስገን ምን መድኃኒት ይታዘዛል? ቤት ገብተን ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸው ይቆማል።

«አመመዎት እንዴ አባባ?»

«ምን ያመኛል? እርጅና ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉኝ እኮ እሳቸው ናቸው! አንዳንዴ ከንዴቴ ብዛት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ።

አባቴ አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲነድፉ ኖረዋል። እኔም የእሳቸውን ሙያ ተከትዬ እዚህ ሰው አገር፣ ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ የሀይዌይ ዲዛይን እሠራለሁ። ቀጥታውን መንገድ ድንገት ከክብ ጋር አታጋጥሚ ይሉኝ ነበር። መሃሉ ላይ ቀስ በቀስ የሚታጠፍ መሸጋገሪያ ኩርባ አስገቢ፤ አለዚያ መኪናው ሰውን ወደ ጎን ይወረውረዋል፣ ሹፌሩም ከመስመሩ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ኢቶቢኮ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ሆስፒታል ስንሄድ ከሀይዌዩ መውጫ ላይ ኩርባው ወረወረን።

«በስመ አብ! ይሄን የነደፈው ማነው?» ብለው ጮኹ። «ከቀጥታው ዘሎ ክቡ ውስጥ! መሸጋገሪያ የለው፣ ምን የለው! ወገቤን ለሁለት ቆረጠው እኮ!»

ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ተመስገን ብቻ የሚሉት ሰውዬ መንገድ ሲተቹ ለካ ሁሉንም ይናገራሉ! ቀጠሯችን ገና ስለነበር ተመልሼ ሀይዌዩ ላይ ወጣሁ። በሌላ መውጫ ወረድኩ፣ ደግሞ ገባሁ፣ ደግሞ ወረድኩ።

«ይሄኛውስ አባባ?»

«ይሻላል፣ ግን አጭር ነው። እግሬ ድረስ ነዘረኝ።»

«ይሄስ?»

«ይሄማ የገዳይ ሥራ ነው!»

ፊታቸው አመድ መስሏል። የታመመ አባቴን በኩርባ እያሠቃየሁ ቃል እቀበል ነበር። ምን ላድርግ? ሌላ ዘዴ አጣሁ።

ዶክተሯ ጋ ስንደርስ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። በትዕግስት ሰማችኝና መድኃኒቱን ለመጨመር ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ አለች። ይህንኑ ነገርኳቸው። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

«ስለ መንገዱ ነው እኮ ያወራሁት» አሉ። «እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ በያት።»

እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። «ስለ እመቤቴ፣ አንዴ ያመኛል ይበሉ!» እጄን መታ መታ አድርገው ለቀቁት። ዶክተሯም ሌላ ቀጠሮ ሰጥታ አሰናበተችን።

እያለቀስኩ ስነዳ መውጫዬ አምልጦኝ ዞሬ እዚያው የጠዋቱ ኩርባ ላይ ገባሁ። አባቴ የበሩን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ኩርባውን እስክንጨርስ ትንፋሽ አልወጣቸውም።

«አየሽ» አሉኝ፣ «አስተካክለውታል።»