የእትዬ አስካለ ማሾ

ስለ ጥናት ሐቀኝነት ሲነሳ ትዝ የሚሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ወይ ወኔ!

ለመመረቂያ ጥናቴ አዲስ የማሾ ዘር ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ በእሳቸው ማሳ ላይ ሞከርኩ። ከነባሩ ዘራቸው ጎን ዘሩልኝ፤ ሲደርስም ወቅተው ሁለቱን በየጆንያው አቆዩልኝ። ሲመዘን የእኔው በለጠ። የቀበሌው ገበሬ በዚያ ሐሩር ተሰብስቦ አጨበጨበልኝ።

በደስታ ሰክሬ «ለከርሞ ይህን ዘር ሁላችሁም ትዘራላችሁ!» አልኩ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ሊመርቁኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ ያንተስ ከእኔው አንሶ ነበር። ከሩቅ መጥተህ በእኔ ማሳ እንዳታፍር ብዬ፣ ከራሴ ጆንያ እየዘገንኩ ጨመርኩበት» አሉ።

አንገቴን እንደደፋሁ ቀረሁ። እሳቸው ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ።

«ምን ላድርግ? እንግዳ ላክብር ብዬ ጎረቤት ላስርብ እንዴ?»