ጉጠትና መንጠቆ በአንድ ሳህን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጽዳት አለቃዬ እትዬ አልማዝ ወፍራም የጎማ ጓንት ሰጡኝና ጅጅጋ ካለው የጥርስ ሕክምና ማስተማሪያ ክሊኒክ ጓዳ አስገቡኝ።

"ስለት ያለውን በብሩሽ እንጂ በጣትሽ እንዳትነኪ። መጀመሪያ ይዘፈዘፋል፤ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ ወደ እንፋሎቱ መቀቀያ።"

"እሺ" አልኩ። ያን ቀን ሌላ ቃል የተናገርኩ አይመስለኝም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት መናገርም አልወድም። የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ተስማማኝ።

መጀመሪያ አካባቢ የማጥበው በብዛት የጥርስ ማውለቂያ ጉጠት ነበር። ከደገሀቡርና ከደምበል የሚመጣው ሰው ችሎ ችሎ ሲብስበት ነው የሚደርሰው። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎቹም በብዛት የሚለማመዱት ማውለቁን ነበር።

ቆይቶ በዚያው ክሊኒክ የአፍ ንጽሕና ሥልጠና ተከፈተ። አዲሶቹ ተማሪዎች የጥርስ ድንጋይ፣ ጥርስ ላይ ተጋግሮ የጠጠረውን ቆሻሻ፣ ያነሳሉ፤ ሰው ጥርሱን እንዴት እንደሚጠብቅም ያስተምራሉ። ገንዳዬ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ፣ ጫፋቸው የታጠፈ ቀጫጭን መንጠቆዎች መግባት ጀመሩ።

"ሐኪም አነሰንና ጥርስ አጣቢ መጣልን!" ብለው እትዬ አልማዝ ሳቁ። የሕክምና ተማሪዎቹም ስለ አዲሶቹ ከዚያ የተሻለ አላሰቡም።

አንድ ቀን ኤዶ ሰሃራ ከሐርተሼክ መጡ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ይከበርበታል። ወተት ነጋዴ ናቸው። አራት የታች የፊት ጥርሶቻቸው ይነቃነቃሉ፤ ድዳቸው ይደማል። ተማሪዎቹ ሶማሊኛ አይችሉም፤ እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስላደግኩበት ለማስተርጎም ተጠራሁ።

"ከወለሉ ጋር ነው እንዴ የምታወሪው? ቀና በይ!" አሉኝ ኤዶ።

የሕክምና ተማሪው ቢኒያም አየና "አራቱም ይወልቃሉ" አለ።

ኤዶ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ። "ጥርስ የሌላት ሴት ገበያ ላይ ስትጣራ ማን ይሰማታል?"

የአፍ ንጽሕና ተማሪዋ መሠረት አጠገቡ ነበረች። "ዶክተር፣ መጀመሪያ ድንጋዩን ላንሳና ድዱን እንየው።"

"የሚነቃነቀውን አጽድተሽ ልትተክይው ነው?"

አስተማሪያቸው ከኋላ ሰምተው "ታጽዳው፤ ከዚያ አብራችሁ ታያላችሁ" አሉ።

መሠረት አጽድታ ስታበቃ ለኤዶ መስታወት ተሰጣቸው። ድንጋዩ ሞልቶት የነበረው ክፍተት ወለል ብሎ ይታያል። ኤዶ ከወንበሩ ተነሡ።

"ሞረዱኝ! ወተት ልሸጥ ነው ወይስ ፊሽካ ልነፋ?"

መሠረት አልተከራከረችም። ያነሳችውን ቁራጭ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና "ይሄ ጥርስ ከሆነ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ በያቸው" አለችኝ። ነገርኳቸው። በጥፍራቸው ፈረፈሩት።

"ጠጠር ነው" አሉና ተቀመጡ።

ቀጥላ መፋቂያቸውን እንዲያወጡ ጠየቀች። ጣሉት ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን "እንዴት እንደሚፍቁ ያሳዩኝ" አለች። የሚፍቁት ሰው የሚያየውን የፊቱን ብቻ ነበር። ጫፉን አኝከው እንዲያለሰልሱ፣ በምላስ በኩልም ከድዱ ሥር እንዲያዞሩት አሳየቻቸው። ኤዶ ከሶላት በፊት ሁልጊዜ የሚፍቁ ሴት ናቸው። አዲስ ልማድ አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸውን ማዞር ብቻ ነበር።

"ተመልሰው ይምጡ" ስንላቸው "አላህ ካለ" ብለው ወጡ። ቢኒያም "አይመጡም" አለ።

ከሳምንታት በኋላ መጡ። ደሙ ቆሟል። ቢኒያም ራሱ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካካቸው። ሦስቱ ጠንክረዋል፤ አንዱ አልዳነም። እሱን አወለቀው።

ኤዶ ጥጡን እንደነከሱ "አንዱን ላንተ ትቼልሃለሁ፤ እንዳይከፋህ ብዬ ነው በይልኝ" አሉ። ወለሉን ሳላይ ተረጎምኩ። ቢኒያምም ሳቀ።

ያን ቀን ጉጠቱና መንጠቆው በአንድ ሳህን መጡልኝ።

አሁንም እዚያው አጥባለሁ። ጉጠት አልቀረም፤ አይቀርምም። ግን ብዙውን ጊዜ መንጠቆው ይቀድመዋል። ጥርስ የሚያወልቀውና ጥርስ የሚያጸዳው አንድ ክፍል ውስጥ ሲማሩ፣ ጉጠቱ ከመነሣቱ በፊት "ቆይ፣ እንየው" የሚል ሰው አይጠፋም።