ዓሪፋ በረዶ ላይ የወደቀች ዕለት

ወደቀች! እልል በሉ፣ ወደቀች! ዛሬ ከሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ በመቀመጫዋ ዘጭ አለች። እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምታችሁ አታውቁም አይደል? እኔም አብስሬ አላውቅም። ጣቶቼ ከደስታ ብዛት ፊደል እየሳቱ ነውና ታገሡኝ፣ ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

የወደቀችው ዓሪፋ ናት። የወሎ ልጅ፣ የላንግሊ ፓርክ ነዋሪ፣ የእኔ የዕድሜ ልክ ጓደኛ። ዓብዱን አግብታ አሜሪካ ከመምጣቷ፣ እኔም ከመከተሌ በፊት፣ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ዊንተር አብረን ኖረናል። ወረቀት የምንጠብቅ ሁለት ልጃገረዶች በአንዲት ጠባብ ክፍል።

ያ ዊንተር አሁንም ይሸተኛል። እርጥብ የሱፍ ጓንት ማሞቂያው ላይ ሲደርቅ ያለው ሽታ ነው። ዓሪፋ ዙህርን ሰግዳ መስገጃዋን ሳታጥፍ መግሪብ ይደርስባታል። "ፀሐይዋም እንደኛ ወረቀት የላትም መሰለኝ፤ ብቅ ትልና ትደበቃለች" ትላለች። በየሰዉ መስኮት መብራት ይቀመጣል። እሑድ እሑድ የምንጠይቀው ዘመድ ስላልነበረን ሥራችን የሰው መስኮት እያዩ መሄድ ነበር። "ይሄ ቤት የኔ፣ ያኛው ያንቺ" እየተባባልን የማናውቀውን ሰው ቤት እንከፋፈላለን። እንዴት ያለ ሀብታም ነበርን!

የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ ተራ ይያዝበታል። እኛ ይህን ሳናውቅ የሰው ተራ ወስደን ስናጥብ፣ እማማ ብሪታ መጡብን። ጎረቤታችን የሆኑ ባልቴት ናቸው፤ "እማማ" ያልናቸው ስማቸውን በደረቁ መጥራት አፍረን ነው። ቆጣ ብለው ጀመሩና የዓሪፋን ስስ ጫማ ሲያዩ ተዉት። በማግስቱ ሁለት ጥንድ ባለስለት የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ከዕቃ ቤታቸው አውጥተው ወደ ቀዘቀዘው ሐይቅ ወሰዱን።

ዓሪፋ ሻርቧን አጥብቃ ገባች። ወዲያው ወደቀች። "እኔን!" ብዬ ላነሳት ስሮጥ እኔም ተዘረጋሁ።

"ምን እያልሽ ነው የምትጮኺው?" አሉኝ እማማ ብሪታ።

በተሰባበረው ስዊድንኛዬ "በእሷ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ይኸው ወደቅሽ። ታዲያ እሷ ምን ተጠቀመች?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳላነሳት ከለከሉኝ። መንበርከክ፣ አንድ እግር ማስቀደም፣ ሁለቱን እጅ ጉልበት ላይ መደገፍ፣ ቀና ማለት፤ ትምህርቱ ይኸው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከዓሪፋ መንሸራተት ይልቅ መነሳቷ ያምር ነበር ብል ውሸት አይደለም። በኋላ ግን ሻርቧ ከኋላዋ እየተውለበለበ ሐይቁን ስታቋርጥ፣ እማማ ብሪታ ጓንታቸውን አውልቀው ያጨበጭቡላት ነበር። ጭብጨባው በጓንት እንዳይታፈን ብለው!

ወደ ዛሬው ልመለስ። አምና ዓሪፋ ቤቷ ፊት ለፊት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አዳለጣት። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ግን ጎረቤት መጥቶ እስኪያነሳት ድረስ ብርዱ ላይ ብዙ ቆየች። ልጇ ኑዕማን ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ደለስ ኤርፖርት ይሠራል፣ ሄርንደን የሚባል ከተማ ቤት ገዝቷል። "ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንቱ ያንቺ ነው፤ የቤት ኪራይ ሊዝሽን እንዳታድሺ" ብሎ ያዛት። ደግ ልጅ ነው። እሷ ግን መሄድ አትፈልግም። ላንግሊ ፓርክ አውቶቡሱ ደጇ ላይ ይቆማል፣ ጎረቤቶቿ ያውቋታል፣ የቤቷ ቁልፍ በእጇ ነው። ሄርንደን ግን ሰው ካልነዳት የትም አትደርስም።

ባለፈው ሳምንት ከኑዕማን ጋር ሦስታችን ቤቷ ተቀምጠን ነገሩ ተነሳ።

"እማ፣ ፕሊስ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?"

"እኔው።"

"አምና እኮ አልተነሳሽም!"

"ሰው ይመጣል ብዬ ነዋ!" አለች ዓሪፋ። "ስቶክሆልም ማንም እንደማይመጣ ስለማውቅ እነሳ ነበር። እዚህ ግቢው ሙሉ አበሻ ነው፤ አንዱ 'እኔን' ብሎ ይሮጣል ብዬ ተጋድሜ ጠበቅሁ። እናንተ ናችሁ ያሞላቀቃችሁኝ!"

ኑዕማን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ኦኬ፣ ፕሩቭ አድርጊልኛ፤ ስትነሺ አሳዪኝ።"

"ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የበረዶ መንሸራተቻው አይስ ሪንክ ጋ ና።"

"እማ፣ ኖ! ቀልዴን ነው!"

"እኔ አልቀለድኩም። ወድቄ ራሴ ከተነሳሁ ሊዜን አድሳለሁ። ካልተነሳሁ ዕቃዬን አንተው ትጭናለህ።"

"እትዬ ልሳን፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት!" አለኝ። ምን ብዬ ልንገራት? እኔ እኮ የጫማ ቁጥሯ ስንት እንደነበር እያስታወስኩ ነበር።

ዛሬ የኪራዩን ጫማ ማሰሪያ ሁለቴ ፈትታ ደግማ አሰረችው። "ይቅርብሽ" ልላት አልኩና ተውኩት። ገባች። አጥሩን ይዛ ትንሽ ተራመደች፤ ከዚያ ለቀቀችው። አንገቷን ቀና፣ ትከሻዋን ለቀቅ ስታደርግ ያቺን የሐይቋን ልጅ አየኋት። እንባዬ መጣ። መሃል ስትደርስ አንዲት ሕፃን ፊቷ ድንቅር አለች። እሷን ላለመግጨት ዞር ስትል፣ ዘጭ!

"እኔ—" አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ኑዕማን አጥሩን ሊዘል ሲል ጃኬቱን ጨምድጄ ጎተትኩት።

"ይልቀቁኝ፣ እትዬ!"

"ንቅንቅ እንዳትል!"

አንድ ሠራተኛ ተንሸራቶ መጥቶ እጁን ዘረጋላት። በመዳፏ መለሰችው። ወደ እኛ አየች፤ ማንም አልመጣም። ቆየች፣ በጣም ቆየች፣ ዕቃ የምንጭንበት ቀን ታየኝ። ከዚያ ፊቷን ከእኛ አዞረች። ተንበረከከች። አንድ እግሯን አስቀደመች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቀና!

ጩኸቴን የሰማ ሁሉ ሌላ ሰው የወደቀ መስሎት ዞረ። ኑዕማን ዓይኑን በጓንቱ እየጠራረገ "በቃ፣ ቤዝመንቱን አከራየዋለሁ" አለ። ዓሪፋ እየተንሸራተተች አጠገባችን ደርሳ፣ "ሰኞ የኪራይ ቢሮው ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?" አለችው። ትፈርማለች!

ውባንቺ ይህን ገና አልሰማችም። አብራኝ ቤተ ክርስቲያን ኳየር የምትዘምር፣ ለዓሪፋ ከእኔ እኩል ስትጨነቅ የከረመች እኅቴ ናት። አሁን እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ የመዝሙር ልምምድ ላይ ስለሆነች ስልኳ ዝግ ነው። ይሄ ደግሞ በቴክስት የሚነገር ወሬ አይደለም። ሳይበተኑ ልድረስባት። ኮቴ የት አለ? ቁልፌስ? በሉ፣ ሄድኩ!