ጋሼ እና ወጌሻቸው

መርካቶ ውስጥ ኳስ የነካ ሁሉ ወጌሻ ነው። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ በሰፈራችን ተማሪዎች ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ ተጫውቻለሁ፤ ከዚያ ሕክምና ተምሬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆንኩ። ያ ሁሉ ትምህርት ግን ሰፈሩን ቅንጣት አላሳመነውም። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ክሊኒክ ስከፍት መጀመሪያ የመጣልኝ፣ እግሩ ወለም ያለው ተሸካሚ ነበር። "እኔ የማክመው ስኳርና ደም ግፊት ነው" ብነግረውም፣ "ዶክተርዬ፣ ኳስ ተጫዋች አይደለህ እንዴ? እሽልኝ!" ብሎ እግሩን ጠረጴዛዬ ላይ ሰቀለው። ምን ላድርግ? አሸሁት። ተሻለውና ወሬውን እስከ አውቶቡስ ተራ ነዛው።

ከሁሉም የባሱብኝ ግን ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጡት ጋሼ ናቸው። ድሮ በተጫወትኩ ቁጥር ሜዳው ዳር ቆመው "ይውጣ! ይሄን ግንድ ቀይሩት!" እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። የተጋጣሚ ደጋፊ ቢሆኑ እሺ፤ የኛው ናቸው እኮ! ዛሬም በሱቃቸው ደጃፍ ሳልፍ የሳትኳትን ጎል ለገበያተኛ ይተርካሉ። በየዓመቱ ግቡ እየሰፋ፣ በረኛው እያጠረ ይሄዳል።

አንድ የበዓል ሰሞን ጠዋት ላብ አጥምቋቸው ክሊኒኬ ገቡ።

"ጣቃ ሳነሳ ግራ ክንዴን ወለም አለኝ። ቶሎ እሽልኝና ልሂድ፣ ገበያ ነው።"

ፊታቸው አመድ መስሏል። አስተኝቼ በመሣሪያ ሳያቸው የፈራሁት ሆነ፤ ሕመሙ የክንድ ሳይሆን የልብ ነበር። ስድባቸውን ስችል የኖርኩት ሰውዬ እጄ ላይ ሊሞቱ ነው ብዬ ተርበተበትኩ። መድኃኒት ሰጥቼ አምቡላንስ ጠራሁ።

"ለክንድ ሕመም ሆስፒታል? በበዓል ገበያ? እሽ ብዬሃለሁ!" ብለው ሊነሱ ታገሉ።

ብለምን፣ ብቆጣ፣ አልሰማ አሉ። በመጨረሻ ትከሻቸውን ይዤ፣

"ጋሼ፣ ተቀይረዋል! ይውጡ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

መታገላቸውን ተዉ። "ማን ሊገባ ነው?" አሉኝ።

"ሴት ልጅዎ። ሱቁን እሷ ትይዛለች።"

"እሷ እንኳ ካንተ ትሻላለች" አሉና ተጋደሙ።

ድነው ሲመለሱ ለሸማ ተራ ሁሉ "ክንዴን አሽቶ ከሞት አዳነኝ" ብለው አወጁ። እግራቸው ወለም ያላቸው ሰዎች ሰልፍ በሬን አልፎ አስፋልት ደረሰ። እሳቸውም ሰልፉን ጥሰው ገብተው ጋቢ አለበሱኝና፣

"ያኔ 'ይውጣ' የምለው እኮ እግርህን እንዳይሰብሩህ ሰግቼ ነው" አሉኝ።

ውሸታቸውን ነው። ብቻ ይኑሩና ይዋሹ።